የባሻ እራት

አራዳ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 4 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጃችን ለወይንሸት፤

እንደምን ከርመሻል? የባሕር ማዶው ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን አለን። የአራዳው ጊዮርጊስ በሄድሽበት ይከተልሽ፤ የጀመርሽውን ትምህርት አስጨርሶ ለአገርሽ መሬት ያብቃሽ።

እስከ ዛሬ በእኔ እጅ የተጻፈ ደብዳቤ ሲደርስሽ ቃሉ ያሳደገችሽ የእቴቴሽ የአሰፋች ነበር። እሷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ዛሬ ግን በራሴ ስም ነው የምጽፍልሽ። እቴቴሽ ዕረፍት ላይ ናት። ስለ እሷ አታስቢ፤ የግንቦቱን ፈተናሽን አስቢ።

የምጽፍልሽ በባሻ ምክንያት ነው። ድመቱ መብላት ትቷል። ወተት ሳቀርብለት ያሸትና ፊቱን ያዞራል። ጎኑ ከጎኑ ተጣብቋል፤ ጀርባውን ስዳስሰው አጥንቱ እንደ መቁጠሪያ እጄ ላይ ይቆጠራል። ቀኑን ሙሉ የእቴቴሽ ክፍል ደፍ ላይ ተጋድሞ ይውላል።

እኔ ዕድሜዬን አትክልት ተራ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ድንች ሲያረጅ፣ ሽንኩርት ሲሸት ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። የድመት ነገር ግን አልገባኝም። ከባሻ ጋር ደግሞ ወዳጆች እንዳልነበርን አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ በግቢው የፊት ክፍል፣ እሱ በእቴቴሽ ጓዳ፣ ስንተላለፍ እንኳ ሰላም አንባባልም ነበር። ጎረቤታችን ከዲጃ መጥታ አየችውና፣ "ጋሼ ገነነ፣ ያረጀ ነገር ነው፤ ተወው በቃ" አለችኝ። ወዲያው ግን ቤቷ ሄዳ ለልጆቿ ያፈላችውን ወተት ይዛለት መጣች። እሱንም እምቢ አለ።

አንቺ አብረሽው ያደግሽ ነሽ፤ የሕክምናውንም ነገር እየተማርሽ ነው። ይህ ድመት እንዲሞት አልፈልግም። ምን እንደማደርግ ቶሎ ጻፊልኝ።

ዘመድሽ
ገነነ ወልደሥላሴ

*

ቤይሩት
የካቲት 24 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ገነነ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎንስ ያ የክረምቱ ቁርጥማት ተወዎት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። እግዚአብሔር ለእኔም ለእርስዎም ዕድሜ ይስጠን።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከሆስፒታሉ ስመለስ ነው። ፖስታው ላይ ያለው ጽሕፈት ያው የማውቀው ነበር፤ ከፍቼ "በራሴ ስም" የሚለውን ሳነብ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። በኋላ ስለ ባሻ መሆኑን አየሁ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር አይተው ይንገሩኝ። ምግብ ሲያቀርቡለት ራሱ መጥቶ አሽትቶ ነው የሚመለስ ወይስ ጨርሶ አይመጣም? መጥቶ አሽትቶ የሚመለስ ከሆነ መብላት ይፈልጋል ማለት ነው፤ አፉን አሞት ይሆናል። ያረጀ ድመት ጥርሱ ይበሰብሳል። አፉን ከፍተው ይዩለት። ድዱ ቀልቶ፣ እስትንፋሱ ከርፍቶ እንደሆነ ሐኪም ያስፈልገዋል። ብቻዎን አይሞክሩት፤ ከዲጃ በፎጣ ጠቅልላ ትያዝልዎ። እስከዚያው ቀዝቃዛ ነገር አይስጡት። ሳንባ ቀቅለው፣ አድቅቀው፣ ከነመረቁ ለብ ሲል ያቅርቡለት። ያረጀ አፍንጫ የቀዘቀዘ ምግብ አይሸተውም።

ባሻን ያገኘንበትን ቀን ያስታውሱታል? የእርስዎ ጥቅል ጎመን ቅርጫት ውስጥ ነበር። እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። እቴቴ ጎመኑን ስታነሳ ከሥሩ ብቅ አለና ቅርጫቱ አፋፍ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ዝናብ አበስብሶት ጢሙ ቆሟል። ወዛደሮቹ ጆንያቸውን አውርደው ሳቁ። አንዱ፣ "ባሻ ተሾሙ፤ እንግዲህ ያለ ፈቃድ ጎመን አይወጣም" አለ። እርስዎ ከቅርጫቴ አውርዱልኝ ብለው ተቆጡ። እቴቴ በነጠላዋ ጠቅልላ ወሰደችው። የራስ መኮንን ድልድይን እስክንሻገር ነጠላዋ ውስጥ ሆኖ ሲያጉረመርም ትዝ ይለኛል። እዚህ ሰው ስለ ቤቴ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ድምፅ ነው።

ለእቴቴ ጉልበቷን ሳሙልኝ። ለምን አላስጻፈችኝም?

ልጅዎ
ወይንሸት

*

አራዳ
መጋቢት 15 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለልጃችን ለወይንሸት፤

ሰላምታዬ እንደ ጥቅምት ሰማይ የጠራ ሆኖ ይድረስሽ። በጾሙ ሰበብ እንዳትዳከሚ፤ የሚማርን ሰው ቄስ ይፈታዋል።

እንዳልሽው አደረግን። ይመጣል፣ ያሸታል፣ ይመለሳል። ከዲጃ በፎጣ ጠቅልላ ያዘችው፣ እኔ አፉን ከፈትኩ። የግራ ክራንቻው ጠቁሮ ይነቃነቃል። ሽታውን አልነግርሽም፤ እኔ የክረምት ሽንኩርት የለመድኩት ሰው ፊቴን አዞርኩ።

የጋሪ ፈረሶች የሚያክም አንድ ሽማግሌ ግሪክ ከድልድዩ ወዲያ አለ ብለውኝ ወደዚያ ይዤው ሄድኩ። በምን ልያዘው? በሽንኩርት ቅርጫት፣ ላዩን በጆንያ ሸፍኜ። ድልድዩ ላይ ስደርስ ይጮህ ጀመር። ያንን የአራዳ ወጣት ታውቂው የለ፤ አንዱ፣ "ጋሼ ገነነ፣ ሽንኩርትዎ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው? ድሮ እኛን ነበር የሚያስለቅስ" አለኝ። ሌላው፣ "ዋጋ ሰምቶ ነው" አለው። ቅርጫቴን አቅፌ አለፍኩ። ኋላ ግን እኔም ብቻዬን ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

ግሪኩ መጀመሪያ፣ "እኔ የፈረስ ሐኪም ነኝ" አለ። "ይህም ባሻ ነው፤ ፈረስ የሚገባው ሰው ነው" ብዬ ለመንኩት። ጥርሱን ነቅሎ በጨው ውሃ አጠበው። የባሻ ጥፍር እጄ ላይ የተወው ነገር ገና አልሻረም።

ሳንባውን ከየት አመጣኸው እንዳትይኝ። በጾም የኛ ሥጋ ቤት ዝግ ነው። የከዲጃ ባል ኡመር ከእስላሙ ሥጋ ቤት ይልክልኛል። በዚህ ግቢ የክርስቲያኑንም የእስላሙንም ሥጋ የሚበላ ባሻ ብቻ ነው።

ጥርሱ ከወጣ በኋላ ሁለት ቀን ያህል መረቁን ላሰ፤ ደስ አለን። ከዚያ ደግሞ ተወው። አፉ ድኗል፤ እኔው ራሴ አይቼዋለሁ። ሳንባው ለብ ያለ ነው። አጠገቡ አስቀምጬለት ዞር እላለሁ፣ ስመለስ እንዳለ ነው። ከደፉ ላይ አይነሣም። እንግዲህ ምን ቀረ?

እቴቴሽ ያው እንደ ነበረችው ናት። ያላስጻፈችሽ ስላልተመቻት ነው። በርቺ፣ አንብቢ።

ገነነ

*

ቤይሩት
መጋቢት 30 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ገነነ፤

የእጅዎ ቁስል እንዴት ሆነ? በሳሙና ይጠቡት፤ የድመት ጭረት ያመረቅዛል። ለኡመርና ለከዲጃ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። መጪው ፋሲካ የደስታ ይሁንላችሁ።

"ዞር እላለሁ" ያሉትን ሳነብ ነገሩ ገባኝ። ጋሼ፣ ባሻ ብቻውን በልቶ አያውቅም። አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ፤ ለእኔ ግን ውሃ ውሃ መሆኑን እንደ መንገር ሆኖብኝ ነው።

እርስዎ ማታ ማታ አትክልት ተራ ምግብ ቤት ስለሚበሉ አላዩትም። እቴቴ ከገበያ ስትመለስ እጇን ትታጠብና በርጩማዋን ከአልጋው ሥር ስባ ትቀመጣለች። እኔ በዚህ፣ ባሻ በዚያ። አንድ ትሪ ነበር የሚቀርበው፤ የእሱ ጣባ ከትሪው ጎን ይቀመጣል። መጀመሪያ እኔን ታጎርሰኛለች። ከዚያ ከጣባው በጣቷ ትንሽ አንሥታ ለሱ ትሰጠዋለች። እሱ ያቺን ሳይቀበል ጣባውን አይነካም። አንድ ጊዜ ለቅሶ ሄዳ ስታመሽ እኔ ልሰጠው ብሞክር ዓይኑን ከበሩ አላነሣ አለ። ስትመጣ ለቅሶ ቤት በልታ ጠግባ ሳለ፣ "እኔን ጠብቆ" ብላ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀምጣ አብራው በላች።

እሑድ እሑድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፒያሳ ትወስደኝ ነበር። የወርቅ ቤቶቹን መስተዋት እናይ ነበር እንጂ አንገዛም። "ይሄ ላንቺ ሠርግ፣ ይሄ ለልጅሽ ክርስትና" እያለች ትመርጥልኛለች። ከዚያ የቸርችልን ቁልቁለት ቆመን እስከ ታች እናያለን። "አይበቃሽም? አገሩ ሁሉ ያንቺ ነው" ትለኛለች። እዚህም ወደ ባሕሩ የሚወርድ ቁልቁለት አለ። አመሻሽ ላይ እሄዳለሁ። ባሕሩን አይደለም የማየው።

ስለዚህ ጋሼ፣ አጠገቡ ሰው ይቀመጥ። ሳህን አስቀምጦ የሚሄድ ሳይሆን አብሮት የሚበላ። እቴቴ ካልተመቻት እርስዎ ይሁኑ። በርጩማዋ ላይ ይቀመጡ። መጀመሪያ በጣትዎ ይስጡት።

ፈተናው ቀርቧል። ስለ እቴቴ ከእንግዲህ እየጠየቅሁ አላስቸግርዎትም።

ልጅዎ
ወይንሸት

*

አራዳ
ሚያዝያ 28 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለልጃችን ለወይንሸት፤

ከዘገየሁብሽ ይቅር በይኝ። ብዕር አንሥቼ አስቀምጫለሁ፣ ደግሞ አንሥቼ አስቀምጫለሁ። ከተማው ለግንቦት እንግዶች ጉድ ጉድ እያለ ነው፤ የአፍሪካ መሪዎች ሊሰበሰቡ ነው። አጥሩ ሁሉ ኖራ ተቀባ፣ መንገዱ ተጠረገ። እኛም የሱቃችንን ደጅ ቀባን። የዘገየሁት በዚህ አይደለም ግን።

ደብዳቤሽን ባነበብኩ ማታ ወደ ክፍሉ መግባት አልቻልኩም። ሳህኑን ደፉ ላይ አስቀምጣለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። ባሻ በተዘጋው በር አጠገብ ተኝቶ ያየኛል። በማግስቱ ከዲጃ ደጁ ላይ ቆሜ አገኘችኝ። ደብዳቤሽን አነበብኩላት። ሰምታ ጨረሰችና፣ "ልጅቷ የምትለው እኮ ግልጽ ነው። ግባና ተቀመጥ" አለችኝ።

ገባሁ። በርጩማው እንዳልሽው ከአልጋው ሥር ነበር። የኔን እራት በትሪ፣ የሱን በጣባ አድርጌ ተቀመጥኩ። ለአንድ ሽማግሌ ነጋዴ በርጩማው ዝቅ ያለ ነው፤ ጉልበቴ እስከ አገጬ መጣ። ባሻ ደፉ ላይ ቆመ። በላሁ። እሱ አይንቀሳቀስም። ከሚስቴ ሞት ወዲህ ቤት ውስጥ ተቀምጬ እራት ስበላ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ምግብ ቤት ለምጄ፣ ሰው እየጮኸ ካልሆነ በጉሮሮዬ አይወርድልኝም ነበር። እዚያ ግን ዝም ብሎ ወረደ።

ሳንባውን በጣቴ አንሥቼ ዘረጋሁለት። "ባሻ፣ እኔ እሷ አይደለሁም። ያለሁት ግን እኔ ነኝ" አልኩት። ለድመት መናገሬ አላሳፈረኝም። ቆይቶ ቆይቶ መጣ። ጣቴን አሸተተ፤ የሽንኩርት ሽታው የሚጠፋ አይደለም። ምላሱ እንዴት ሻካራ ነው። ከጣቴ ላይ ወሰደ፣ ከዚያ ጣባው ላይ አንገቱን ደፋ። ሲበላ የሚያሰማውን ድምፅ ለመስማት እኔ ማኘክ አቆምኩ።

ከዚያ ወዲህ በየማታው አብረን ነን። ሥጋ መልሷል አልልሽም፤ ያረጀ ነው። ግን ይበላል። እኔም ምግብ ቤቱን ትቻለሁ። ከበላን በኋላ አልጋው ላይ ይወጣና እግርጌው ይተኛል፤ እኔ ጋዜጣ አነባለታለሁ። ስለ ድሮው አትክልት ተራ ደግሞ እነግረዋለሁ፤ ከሰው ይልቅ እሱ ያዳምጣል።

ፈተናሽን በርትተሽ ተፈተኚ። ሌላውን ሁሉ ስትጨርሺ እንነጋገራለን።

ገነነ

*

ቤይሩት
ሰኔ 10 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ገነነ፤

እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ፈተናውን አልፌያለሁ። ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት ማለዳ የአገራችን ሰው አቶ ገብረአብ ሁለት ሴቶች አስከትሎ መጣ። እርስዎ እንደጻፉለት አውቄአለሁ። በሩን ሳይመቱ ከፈትኩላቸው፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ነበር። አቶ ገብረአብ ነጠላዬን አየና፣ "ማን ነገረሽ?" አለኝ። "ባሻ" አልኩት። ሴቶቹ ያበድኩ መሰላቸው።

ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ደብዳቤዎ ነው ያወቅሁት። እቴቴ በሕይወት ኖራ ባሻ ምግብ እምቢ ቢል፣ ደብዳቤው "እኔ አሰፋች" ብሎ ነበር የሚጀምረው፤ አልጋ ላይ ብትሆንም እንኳ ታስጽፈኝ ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ ያልኩዎት ያኔ ነው። ጾሙን ሙሉ ለብቻዬ አለቀስኩ፤ ጓደኞቼ ዓይኔን ሲያዩ ጉንፋን ነው አልኳቸው። ልጠይቅዎት ብዬ አንድ ደብዳቤ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። እርስዎ እኔን ለመጠበቅ ሲደክሙ ድካምዎን ላፈርስ አልፈለግሁም። ደግሞም እውነቱን ካወጣሁት ስለ ባሻ መጻፍ እናቆማለን ብዬ ፈራሁ። ስለ ጥርሱና ስለ ጣባው ስንጻጻፍ እሷ በመካከላችን ተቀምጣ ትሰማን ይመስለኝ ነበር።

የሌላ ሰው ለቅሶ ወንዝ ተሻግሮ ይሰማል፣ ሰው ይተቃቀፋል፤ የእኔ ግን እዚህ ክፍል ውስጥ ቀረ። አሁን ግን ይንገሩኝ። እንዴት ሞተች? ማን ነበር አጠገቧ? ምን አለች? አንዱንም አያስቀሩብኝ። በሐምሌ መጨረሻ እገባለሁ።

ልጅዎ
ወይንሸት

*

አራዳ
ሰኔ 28 ቀን 1955 ዓ.ም.

ልጄ ወይንሸት፤

ሰላምታውን ወደ ኋላ አቆይቼዋለሁ፤ ከሱ በፊት ልነግርሽ የሚገባኝ ነገር አለ። ባሻ ሞቷል። ከትናንት ወዲያ ጠዋት ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ አንሥቼ ግቢው ውስጥ ጆንያ ላይ አስተኛሁት። ማታ እራቱን በልቶ ነበር፤ ትንሽ ነው፣ ግን በልቷል። ከሱቅ ቅርጫት ይዤ ስመለስ አንቀላፍቶ ቀርቷል። ከዲጃ መጥታ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች፤ ያ "ተወው" ያለችኝ ሴትዮ። ከጓሮው ኮክ ሥር ቀበርነው።

ይህንንም ስትመጪ ልነግርሽ አስቤ ነበር። መንገድ ላይ እንዳታዝኚ ብዬ። ለከዲጃ ስነግራት፣ "አሁንም?" አለችኝ። ገብቼ ብዕር አነሣሁ።

አሁን ስለ እቴቴሽ። ጥምቀትን ጃንሜዳ ውላ፣ ታቦቱን ሸኝታ መጣች። ደስ ብሏት ነበር፤ የዘፈኑን አዲስ ግጥም ለከዲጃ ስትነግር ሰምቻለሁ። በማግስቱ ደረቴን ከበደኝ አለች። ሐኪም አመጣሁ፤ ልቧ ደክሟል አለ። ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እኔና ከዲጃ አጠገቧ ነበርን፤ ባሻ እግሯ ላይ ተኝቷል። አልተሰቃየችም ልጄ። ይህን ለማጽናናት አይደለም የምልሽ፤ አይቼዋለሁ። ውሃ ጠየቀች፣ ከዲጃ አጠጣቻት። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ "ልጅቷ ትምህርቷን ትጨርስ። ከዚያ በፊት አንድ ቃል እንዳትነግራት፤ ትታው ትመጣለች" አለችኝ። "እሺ" አልኳት። "ማልልኝ" አለች። በጊዮርጊስ ማልኩላት። ቀጥላ፣ "ባሻ አልበላም ዛሬ" አለች። የመጨረሻ ቃሏ ይኸው ነው። እኔ ይህን ሰምቼ ነው ያንን ደብዳቤ የጻፍኩልሽ።

"ዕረፍት ላይ ናት" ያልኩሽ እውነት እንዳይጎድልበት ብዬ ነው። አንቺ እንደ ጎበዝ ልጅ አንድ ጊዜ አንብበሽ ተረዳሽው፤ እኔ ግን አታላይ የሆንኩ እየመሰለኝ አምስት ወር ኖርኩ። ስታለቅሺ ብቻሽን መሆንሽን ሳነብ መሐላው ከበደኝ። መሐላ ባይሆን ኖሮ እንዴት እንደማደርግ አላውቅም።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው ያረፈችው፤ ከባሏ ጎን። የቀብሩን ዕለት አትክልት ተራ ግማሽ ቀን ዘጋ። ወዛደሮቹ ሳይቀሩ ተሸከሟት፤ ማንም አልጠራቸውም። አርባዋን ጸሎት አስደርገናል። ልብሷንና ሣጥኗን አልነካሁም፤ አንቺ ትመጪና ትከፍቺዋለሽ። ክፍሉን ሊከራዩ የመጡ ሰዎች ነበሩ፣ የክፍሉ ባለቤት ውጭ አገር ናት ብዬ መለስኳቸው። እራቴን አሁንም እዚያው እበላለሁ። ትናንት ማታ ከዲጃ ልጇን ነጂባን፣ "ሂጂ፣ ከጋሼ ጋር ተቀመጪ" ብላ ላከችብኝ። የራሷን ሳህን ይዛ መጣች። ብዙ ታወራለች።

ስትመጪ አውሮፕላን ጣቢያ እኔና ከዲጃ ብቻ ነን የምንጠብቅሽ። ለቀስተኛውን እቤት እንዲቆይ ነግሬያለሁ። መጀመሪያ ከኛ ጋር ትቀመጪያለሽ፣ ከዚያ ሰው ይገባል።

እንግዲህ ሰላምታዬን ልስጥሽ። ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ደብዳቤዬ አናት ላይ ጽፌልሽ ነበር፤ መልሱን ለመስማት ግን ድፍረት አልነበረኝም። አሁን በረጅሙ ጻፊልኝ፤ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። እንደምን ነሽ፣ ልጄ?

ገነነ